ሁለት ጊዜ ባላንስ ተሠርቶ ያልተወ መንቀጥቀጥ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የኤሌክትሪክ መኪናዬ ከ85 እስከ 100 ስነዳ ወለሉና መቀመጫው ይንቀጠቀጣል። መሪው ላይ ብዙም አይሰማም። ከ70 በታች ጸጥ ይላል። ፔዳሉን ብረግጥም ብለቅም ያው ነው። ጠዋት ጠዋት ይብስበታል። ሁለት ጊዜ የጎማ ባላንስ (የሚዛን ማስተካከያ) አሠርቻለሁ። ከመጀመሪያው በኋላ ሦስት ቀን ደህና ሆኖ እንደገና ጀመረው። ሁለተኛው ምንም አልፈየደም። አላይመንትም (የጎማዎቹ አቅጣጫ) ተስተካክሏል። አንድ ባለሙያ ችግሩ ሞተሩ ነው፣ መውረድ አለበት ብሎኛል። ነሐሴ ላይ በቢቸና በኩል ለለቅሶ ገጠር ገብቼ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው። እዚያ የኋላ ጎማ ተነፈሰብኝ። ስኮርት (ትርፍ ጎማ) ስለሌለው ከመኪናው ጋር የመጣውን ፈሳሽ ሞልቼ ወጣሁ። አየሩ እስካሁን አልቀነሰም። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድም ዓለም፣ በመጀመሪያ ሞተሩን አታስወርድ። የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሞተሩን የሚያስጠረጥር አንድም ነገር አላገኘሁበትም። እንዲያውም መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፤ መጨረሻ ላይ፣ እግረ መንገድህን። እሷን ነገር ለጊዜው ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ። አስቀድሜ ሞተሩ ለምን እንዳልሆነ ላስረዳህ። ይህን ካወቅህ ወደፊትም ማንም ጋራዥ ስትገባ ምን ማለት እንዳለብህ ታውቃለህ።

መኪና ሲንቀጠቀጥ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መንቀጥቀጡ የሚከተለው ምንን ነው? ፍጥነትን ነው? ጉልበትን ነው? ወይስ ፍሬንን? መፍቻ ሳላነሳ ይህን እጠይቃለሁ። ከዚህ በፊት የሚፈታ ነገር ሁሉ ግምት ነው፤ የግምቱን ዋጋ ደግሞ የምትከፍለው አንተ ነህ።

አንተ ፔዳሉን ብረግጥም ብለቅም ያው ነው ብለሃል። ይህ ትልቅ መረጃ ነው። ስትረግጥ ሞተሩ ጎማውን ይገፋል። ስትለቅ ደግሞ ሞተሩ ጀኔሬተር ሆኖ መኪናውን ወደኋላ ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። ሞተሩ ወይም ከሞተሩ ወደ ጎማ የሚሄደው አክስል ታሞ ቢሆን ኖሮ በሁለቱ መካከል ልዩነት ይሰማህ ነበር። አልተሰማህም። ስለዚህ መንቀጥቀጡ የሚከተለው ፍጥነትን ብቻ ነው። ፍጥነትን ብቻ የሚከተለው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ጎማው፣ ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ወይም ሁለቱ የተቀመጡበት ሃብ ነው።

ይህን በቁጥርም ማየት ይቻላል። ያንተን የመሰለ መኪና ጎማ ከላይ እስከ ታች 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ዙር ሲዞር 2.2 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 95 ስትነዳ በሰከንድ 26 ሜትር ትጓዛለህ። ስለዚህ ጎማህ በሰከንድ 12 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በሰከንድ 12 ምት በመቀመጫህና በእግርህ የሚሰማ ነው፤ ድርድር ብሎ የሚያናውጥ። ሞተሩ ግን ከጎማው በጣም ይፈጥናል። በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሞተሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሲዞር ነው ጎማው አንድ ጊዜ የሚዞረው። አሥር ብንል በዚያ ፍጥነት ሞተርህ በሰከንድ 120፣ በደቂቃ ከ7,000 በላይ ይዞራል። እንዲህ የሚፈጥን ነገር ሚዛኑን ቢስት መቀመጫ አያናውጥም። ይጮኻል። ፉጨት ወይም እንደ ንብ ያለ ድምፅ ያሰማል። አንተ ድምፅ አልጻፍክልኝም፣ መናወጥ ነው የጻፍከው።

ያ ባለሙያ ግን ክፉ ሰው ነው አልልም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየከተማችን በዝቷል። ባሕር ዳርም፣ ማርቆስም፣ እንጅባራም ታየዋለህ። የእኛ ጎሚስታና መካኒክ ግን እጁን ያፈታው በፒክአፕ፣ በሚኒባስና በአይሱዙ ነው። የማያውቀው ክፍል ሲኖር ጥርጣሬው ወደዚያ ይሄዳል። እኔም መጀመሪያ ጊዜ እንደዚያው ነበርኩ። ከወለሉ በታች ያለውን ባትሪና ብርቱካናማውን የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ ሳይ ችግር ሁሉ ከዚያ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ጎማ ግን በነዳጅ ዞረ በኤሌክትሪክ ያው ጎማ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የሚለየው በሌላ ነው። አንደኛ፣ ጸጥ ያለ ነው። የነዳጅ ሞተር ቆሞ እንኳ ይርገበገባል፤ ትንሽ መንቀጥቀጥ በዚያ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። እዚህ የሚደብቀው የለም። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ስኮርት ጎማ ይዘው አይመጡም። ክብደትና ቦታ ለመቆጠብ ሲባል በምትኩ አንድ ጠርሙስ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕረሰር ይቀመጥልሃል። ያንተም ታሪክ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደዚያች ነገር ልመለስ። «ከመኪናው ጋር የመጣውን ፈሳሽ ሞልቼ ወጣሁ» ብለሃል። «አየሩ እስካሁን አልቀነሰም»ም ብለሃል። እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው። ጥርጣሬዬ ቀላል አይደለም፤ ቀሪው የነገርከኝ ሁሉ ወደዚያው ይመራል።

ያ ፈሳሽ በአብዛኛው ከላስቲክ ወተት የሚሠራ ነው። አንድ ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ገደማ ይይዛል። ጎማው ውስጥ ገብቶ ሲዞር ቀዳዳው ጋ ይደርሳል፣ እዚያ ይረጋል፣ ይደፍነዋል። ገጠር ላይ ሆነህ፣ ሊመሽ ሲል፣ ዝናብ ሲመጣ ነፍስ ያተርፋል። በዚያ ሰዓት መጠቀምህ ልክ ነው። ግን የተሠራው ጎሚስታ ጋ እስክትደርስ ብቻ ነው። ጠርሙሱን ወይም ኮምፕረሰሩን እየው፣ 80 የሚል ቁጥር ተለጥፎበት ይሆናል። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዳ ማለት ነው። ኮምፕረሰሩ ላይ ያለው ያ ወረቀት ብዙ ጊዜ መሪው ላይ እንዲለጠፍ የተዘጋጀ ነው፣ ሹፌሩ እንዳይረሳ።

ለምን 80 አሉ? ቀዳዳውን ከደፈነው በኋላ የተረፈው ፈሳሽ ጎማው ውስጥ ይቀራል። መኪናው ሲቆም ከታች ይጠራቀማል፣ ጭልፋ ውስጥ እንዳለ ወጥ። ስትነሳ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ይሰራጫል። ሌሊቱን ስታቆመው ደግሞ እዚያው ከታች ይተኛል፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ። ቀን በቀን እየወፈረ ይሄዳል። በመጨረሻ አንድ ጎን ላይ ረግቶ ይደርቃል። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ለምን እንደሚብስብህ አየህ?

ከመጀመሪያው ባላንስ በኋላ ሦስት ቀን ደህና የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል። ጎሚስታው ጎማውን ማሽን ላይ አሽከረከረ። ማሽኑ ፈሳሹ በዚያች ሰዓት የነበረበትን ቦታ አይቶ እርሳስ (ሚዛን ማስተካከያ ትንሽ ብረት) አስለጠፈ። ሦስት ቀን አለፈ። ፈሳሹ ቦታ ለወጠ። እርሳሱ ግን ያው ቦታ ቀረ። አሁን ሁለት ሸክም ሆኑ፣ እርሳሱና ፈሳሹ። ሁለተኛው ባላንስም ያው ታሪክ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር በማይንቀሳቀስ እርሳስ አይመዘንም።

«ትንሽ ፈሳሽ ይህን ሁሉ ያደርጋል ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ያደርጋል። በ95 ላይ የጎማው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ከክብደቱ 180 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ወደ ውጭ ይወጠራል። 20 ግራም፣ ማለትም አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ነገር፣ ወደ 4 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይጎትታል። 100 ግራም ከሆነ 18 ኪሎ ያህል ነው። በሰከንድ 12 ጊዜ፣ አንዴ ወደላይ አንዴ ወደታች። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለዚህ ነው ከተማ ውስጥ ምንም የማይሰማህ።

ከ85 እስከ 100 ብቻ መሆኑም የራሱ ምክንያት አለው። ጎማውና የተያያዘበት ብረት በሞላና በሾክ አብዞርበር ላይ ተንጠልጥለው ነው ያሉት። የራሳቸው የመወዛወዝ ልክ አላቸው፤ በብዙ መኪና በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በልኩ ሰዓት ገፋ ብታደርገው በትንሽ ጉልበት ከፍ ይላል። የጎማህ ምት ከዚያ ልክ ጋር ሲገጥም መኪናው ያናውጥሃል። ከዚያ በታች ሲሆን አይገጥምም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከዳንግላ አንድ መምህር እንዳንተው አይነት መኪና ይዞ መጥቶ ነበር። ባላንስ ሦስት ጊዜ አሠርቷል። ጎማ ለመቀየር ወስኖ ነበር የመጣው። ጎማውን ከቸርኬው አላቀን ስናየው ውስጡ አይብ የፈሰሰበት ይመስላል። ግማሹ እርጥብ፣ ግማሹ ደርቆ የተጋገረ። ጠርገን፣ አጥበን፣ ቀዳዳውን ከውስጥ ጠግነን፣ ባላንስ አድርገን ሰጠነው። የመለስኩለት ያንኑ ጎማ ነው። ያንን ቀን የማልረሳው ለአራት አዲስ ጎማ ሊከፍል የነበረውን ገንዘብ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚያደርገው ስለነገረኝ ነው።

አንተም አሁን እንዲህ አድርግ። ወደ ጎሚስታ ሂድና ያንን የኋላ ጎማ ማሽኑ ላይ ይስቀለው። ምንም እርሳስ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ ሦስት ጊዜ ያሽከርክረው። በየጊዜው ቁጥሩንና የሚያሳየውን ቦታ ጻፍ። ደህና ጎማ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ይላል፤ አንድ ሁለት ግራም ቢለያይ ነው። ቁጥሩና ቦታው ከተዘዋወረ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ይህ ሙከራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛው ባላንስ ላይ ይህን አድርገው ቢሆን ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። ፈሳሹ ጨርሶ ደርቆ ከሆነ ግን ቁጥሩ ላይንቀሳቀስ ይችላል፣ ትልቅ ሆኖ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሙከራው ምንም ይበል ምን ያ ጎማ መከፈት አለበት። ፈሳሽ የገባበት ጎማ እንደዚያ ተትቶ አይነዳም።

ሲከፈት ቀድሞ የተለጠፈውን እርሳስ ሁሉ ያንሳ። አሮጌ እርሳስ ላይ አዲስ መጨመር ከጥንትም መጥፎ ልማድ ነው። እርጥቡ ፈሳሽ በውሃ ይታጠባል። የደረቀው በእጅ እየተላጠ ይነሳል። ጓንት ያድርግ። ቤንዚን አያፍስበት፣ የጎማውን ውስጥ ይጎዳል። የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ቸርኬው ላይ ከነፋሻው (ከአየር መሙያው) ጋር ተያይዞ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብሎ ይጥረገው። የሴንሰሩ ቀዳዳ ተደፍኖ ከሆነ ዳሽቦርድህ የተሳሳተ አየር ሊያሳይህ ይችላል። «አየሩ አልቀነሰም» ያልከኝን ራሱ በእጅ መለኪያ አረጋግጠው።

እዚህ ላይ ለኤሌክትሪክ መኪና ብቻ የሚሆን አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ጎማዎች ከውስጥ በኩል ስፖንጅ ተለጥፎባቸው ነው የሚመጡት። የመንገድ ጩኸት እንዲቀንስ ነው። ጎሚስታው አይቶት ካላወቀ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይደነግጣል። ስፖንጁ ያንን ፈሳሽ ከጠጣ አለቀለት፤ እንደ እርጥብ ፎጣ ይከብዳል፣ ታጥቦም አይመለስም። በሙሉ ተላጦ ይውጣ። ግማሹን ቆርጦ ግማሹን መተው ግን አይሆንም፣ ያ ራሱ ሚዛን ያስታል። ያለ ስፖንጅ ጎማው ትንሽ ይጮህ ይሆናል እንጂ አደጋ የለውም።

ቀዳዳው መሬት በሚረግጠው ክፍል ላይ ከሆነና ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ከውስጥ ይጠገናል። እንጉዳይ የሚመስል፣ ግንዱ ቀዳዳውን የሚሞላ፣ ባርኔጣው ከውስጥ የሚለጠፍ መጠገኛ አለ። ምርጡ እሱ ነው። ቀዳዳው ጎኑ ላይ ከሆነ ጎማው ይጣል። እዚህ ላይ አትከራከር። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ብቻ በመቶዎች ኪሎ ይመዝናል፣ የጎማው ጎን የሚሸከመው ብዙ ነው።

አሁን ጭቃው። ያቺ የቢቸና መንገድ ዋልካ ናት። ዋልካ ቸርኬ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ሸክላ ይሆናል። በውሃ ሲረጭ ከውጭ ያለው ይለቃል፣ ከውስጥ በኩል ያለው ግን ይቀራል። ባላንስ ሲሠራልህ ጭቃው አብሮ ተመዝኖ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን ጉድጓድ ስትመታ ቁራጩ ይወድቃል፣ ሚዛኑም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ አራቱም ቸርኬ ከውስጥ በኩል በብሩሽ ይታጠብ። ሌላው ሰው የሚረሳው ቦታ ደግሞ አለ። ቸርኬው ሃቡ ላይ የሚያርፍበት ፊት። እዚያ የሩዝ ፍሬ የምታህል የደረቀ ጭቃ ወይም ዝገት ካለች ቸርኬው ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። ማሽን ላይ ፍጹም የሆነ ጎማ መኪናው ላይ ይወላገዳል። በሽቦ ብሩሽ ሁለቱንም ፊት አጽዱት። የብረት ሽታ እስኪሸት ድረስ እላለሁ ለልጆቹ።

ሲታሰርም አስተሳሰሩ ወሳኝ ነው። ጎማው ከመሬት ተነስቶ እያለ ብሎኖቹ በእጅ ይግቡ። አንዱን ጥብቅ አድርጎ ወደ ጎረቤቱ መሄድ አይሆንም፤ ፊት ለፊቱ ያለው ይቀድማል፣ በኮከብ ቅርጽ። ከዚያ መሬት ላይ ወርዶ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ልኩ ይጠበቅ። ልኩ በመኪናው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። በአየር መፍቻ ግርርር አድርጎ መጨረስ ፈጣን ነው፣ ግን ዲስኩን ያጣምማል፣ ብሎኑንም ያሳምማል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ እንደገና ይፈተሽ። ማርቆስ ሆነህ ደምበጫ ደርሰህ ስትመለስ ይበቃል።

ለጎሚስታው አንድ ነገር ብቻ ንገርልኝ። ባላንሱ ዜሮ ከሆነ በኋላ ጎማውን ማሽኑ ላይ ይፍታው፣ ግማሽ ዙር አዙሮ መልሶ ይሰረው፣ እንደገና ያሽከርክር። አሁንም ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የሚጠጋ ካሳየ አሠራሩ ልክ ነው። ከ10 ግራም በላይ ካሳየ ጎማው ማሽኑ ላይ መሃል ይዞ አልተቀመጠም ነበር። ጥፋቱ ጎማውን ማሽኑ ላይ መሃል የሚያስይዘው ኮን ነው ወይም የቸርኬው ቀዳዳ ቆሻሻ አለበት። በእኔ ግምት በከተሞቻችን ከሚሠራው ባላንስ ብዙው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ጥሩ ነው፣ አቀማመጡ ነው የሚጎድለው።

ይህን ሁሉ አድርገህ ካልቀረስ? ያኔ ቸርኬው ወይም ጎማው ቅርጹን ስቷል። ጉድጓድ ሲመታ በብዛት የሚጣመመው የቸርኬው የውስጥ ከንፈር ነው፣ ከውጭ አይታይም። ማሽኑ ላይ ቀስ ብሎ እየዞረ አንድ እስክሪብቶ ከከንፈሩ አጠገብ አስጠግተህ ያዝ። ክፍተቱ ሲሰፋና ሲጠብ በዓይን ከታየህ ተጣሟል። የጎማውን ገጽም እንዲሁ እየው። አንድ ቦታ ላይ እብጠት ካለ ውስጡ ያለው ሽቦ ተለያይቷል፤ ያ ጎማ በአስቸኳይ ይውጣ፣ በመንገድ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የተጣመመ ቸርኬን ግን አስቀጥቅጦ ማቃናት ላይ እኔ አልደፍርም። አሉሚኒየም ስንጥቅ ይደብቃል። ለፊት ጎማ በፍጹም።

የቱ ጎማ እንደሆነ ካልለየህ የፊቱንና የኋላውን አለዋውጠህ ንዳ። መንቀጥቀጡ ከወለሉ ወደ መሪው ከመጣ ጥፋተኛውን አገኘኸው። ከኋላ ያለ ጎማ በመቀመጫና በወለል ይሰማል፣ ከፊት ያለ በመሪ። ከመለዋወጥህ በፊት ግን የጎማዎቹ ቁጥር እኩል መሆኑን እይ። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪና የኋላ ጎማው ከፊቱ ይሰፋል፣ እሱ አይለዋወጥም። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ካለም ቀስቱን ጠብቅ።

ስለ ክሪክ አደራ እልሃለሁ። ከወለሉ በታች ያለው ባትሪ ነው። ጎሚስታው እንደ ፒክአፕ መስሎት መሃል ላይ ክሪክ ከሰካ የባትሪውን ቤት ይደፈጥጠዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ቦታ በግድየለሽነት የገባ ክሪክ የባትሪውን ሽፋን ጎድቶት ባለመኪናው ብዙ ተንገላቷል። በመኪናው መጽሐፍ ላይ አራት የክሪክ ቦታዎች ተስለዋል። ስልክህ ላይ ፎቶ አንስተህ ያዝና ራስህ ቆመህ አሳየው። ብርቱካናማ ገመድ ያለበትን ማንም እንዳይነካ። በአብዛኛው ከ300 ቮልት በላይ ነው የሚሄድበት።

የቀሩትን ምክንያቶች በአጭሩ ልበልህ፣ ወደፊት እንድትለያቸው። ስትረግጥ ብቻ፣ በተለይ ዳገት ላይ የሚያናውጥና ስትለቅ የሚጠፋ ከሆነ የአክስሉ የውስጥ ጆንት (መጋጠሚያ) ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ከመነሻው ስለሚሰጥ፣ ስትለቅ ደግሞ ወደኋላ ስለሚይዝ ጆንቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ኩሽኔታ (ሃቡ ያለ ፍትጊያ እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል) ከሆነ ይጮኻል፣ ፍጥነት ሲጨምር ይጨምራል፣ ኩርባ ላይ ስትታጠፍ ድምፁ ይለወጣል። የብራቾ (ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ትናንሽ ላስቲኮች ካለቁ መንቀጥቀጡን ያባብሱታል እንጂ አይጀምሩትም።

ፍሬን ስትይዝ ብቻ የሚመጣው ግን ሌላ ነው፣ እሱን ትንሽ ላብራራው። አዲስ አበባ ስትመላለስ ይገጥምሃልና። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። 2,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ጉልበት ይለቃል። ባትሪው ቦታ ካለው አብዛኛውን ይቀበለዋል፣ ፍሬንህን ብዙም አትነካም። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ ግን ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል። ያ ሁሉ ሸክም በፍሬን ሸራና በዲስክ ላይ ይወድቃል። ዲስኩ ይግላል። የጋለውን ዲስክ ቆመህ አጥብቀህ ስትይዘው ሸራው ምልክቱን ያትምበታል። ከዚያ በኋላ ፍሬን በያዝክ ቁጥር መሪው ይመታሃል። ከማርቆስ ሞልተህ ብትነሳ እስከ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትነዳ በቂ ቦታ ይከፈታል። ደጀን አድረህ እዚያው የምትሞላ ከሆነ 80 በመቶ ላይ አቁመው። ታች ድልድዩ ጋ ስትደርስ ራሱ ጨምሮ ታገኘዋለህ።

እስኪሠራ ድረስ ከ80 አትለፍ። ባሕር ዳር ቤተሰብ ለመጠየቅ እንዳትነሳ፣ መጀመሪያ ይሠራ። ከተሠራ በኋላ ለመፈተን ገበያ የማይውልበትን ቀን ምረጥ። አህያውም፣ ባጃጁም፣ ሰውም በማይበዛበት በማለዳ። ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ 95 ድረስ። አንድ ሰው ከኋላ ይቀመጥልህ፣ እጁን ወለሉ ላይ ያድርግ። መንገዱ ከፊትም ከኋላም ባዶ ከሆነና ቁልቁል ካልሆነ አንዴ ወደ ኒውትራል አድርገህ መኪናው በራሱ ይንሸራተት። ፍሬኑ ይሠራል፣ ፔዳሉን ስትለቅ የሚይዝህ ግን የለም፣ እሱን አስታውስ። መኪናውን አታጥፋ። በኒውትራልም ጸጥ ካለ ጨርሰሃል።

ጠርሙሱ ባዶ ስለሆነ ምትክ ግዛ፣ የሚያበቃበትን ቀን አይተህ። ከቻልክ ግን ለመኪናህ የሚሆን ስኮርት ጎማ ፈልግ። በዋልካ መንገድ ለለቅሶም ለሠርግም የሚገባ ሰው ከኋላ ስኮርት ቢጭን አይቆጨውም፣ የሻንጣ ቦታ ቢቀንስም። ኮምፕረሰሩ ግን አይለይህ።

ጎማው ሲከፈት ውስጡን ፎቶ አንሳልኝ። ማሽኑ በሦስቱ ዙር ያሳየውን ቁጥርም ጻፍልኝ። ሞተር ይውረድ ያለህን ሰውም ጥራውና አብሮ ይይ።